ከዳሞታ ግርጌ እስከ ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ

በባህል ጉዳይ ላይ በሚደረጉ ስብሰባዎች ከማይጠፉት ቃላት አንዱ «ተበረዘ» የሚለው ነው። ዜማው ተበረዘ፣ ልብሱ ተበረዘ፣ ቋንቋው ተበረዘ ይባላል። ቃሉ በነቀፌታ ስለሚነገር አድማጩ አንገቱን ይደፋል፤ ተናጋሪውም የአገር ጠበቃ መስሎ ይቀመጣል። ነገር ግን ከዚሁ ሥር የወጣው «ብርዝ» ማርና ውኃ ተስማምተው የሚሆኑት፣ ለእንግዳ በክብር የሚቀርብ መጠጥ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው። አንዱ ቃል በአንድ ወገን ስድብ፣ በሌላ ወገን ግብዣ ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው ከመቀላቀሉ ሳይሆን ከአቀላቀሉ ላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ አቀላቀሉን ስለሚመለከት ነገር ነው።

እኔ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ ተቀምጬ በአማርኛና በወላይትኛ ግጥምና ተውኔት የምጽፍ ሰው ነኝ። ከዓመታት በፊት ስለ አንድ ካዎ፣ ማለት ስለ አንድ የጥንት የወላይታ ንጉሥ፣ የጻፍሁት ተውኔት በከተማችን ለሕዝብ ታይቶ ነበር። በተውኔቱ ውስጥ ከጊፋታ በዓል ጨዋታ የተወሰደው የሀያያ ሌኬ ቅብብል አለ፤ ክራር አለ፤ ከሰምና ወርቅ ልማድ የተቀዳ አነጋገርም አለ። ከትርዒቱ በኋላ በተደረገው ውይይት አንድ አንጋፋ መምህር ተነሥተው «ይህ ወላይታ አይደለም፤ ተበርዟል» አሉ። አንዲት ወጣት ተዋናይ ደግሞ «ጋሼ፣ ካማረ በኋላ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ምን ያደርጋል?» ስትል መለሰችላቸው። ሁለቱም አላረኩኝም። የመምህሩ ቃል በሩን ይዘጋል፤ የወጣቷ ቃል ደግሞ ግድግዳውን ያፈርሳል። እኔ የምሻው በር ያለው ግድግዳ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ነበር።

ይህንኑ ለአንድ የሥዕል መምህር ወዳጄ ባጫውተው «እንግዲያው ላስታ እንሂድ፤ የምትፈልገውን የሠሩ አናጢዎች እዚያ ነበሩ» አለኝ። እነሆ በጥር ወር 2011 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በዓል በኋላ፣ ከሶዶ ተነሥተን አዲስ አበባ ገባን፤ ከአዲስ አበባም ወደ ላሊበላ ተሻገርን። ከላሊበላ ከተማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በኮረኮንች መንገድ ከተጓዙ በኋላ መኪናው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ዳገቱ በጥድ ዛፎች መካከል ይወጣል። ዛፎቹ ሽማግሌ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ስፍራ በመሆኑ መጥረቢያ ሳይደፍራቸው ኖረዋል። ከጥዱ በላይ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጎን ላይ ሰፊ ዋሻ አፉን ከፍቶ ይታያል። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ያለው በዚያ ውስጥ ነው።

ቁልፉን የያዙ አንድ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን አሳልመውን «ከወዴት ናችሁ?» ሲሉ ጠየቁን።

«ከወላይታ ሶዶ ነን፣ አባታችን።»

«ከዳሞት ነዋ! አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያስተማሩበት፣ የሞቶሎሚ አገር! እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ ልጆቼ።»

ወዳጄና እኔ ተያየን። የመካከለኛው ዘመን የዳሞት መንግሥት በደቡብና በምዕራብ ስመ ገናና እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ንጉሡ ሞቶሎሚ በገድለ ተክለ ሃይማኖት ተጠቅሷል፤ የወላይታ ቃላዊ ትውፊትም ሞቶሎሚን ከነገሥታቱ ተርታ ያስቀምጠዋል። እኛ ከሩቅ አገር የመጣን እንግዶች ነን ብለን ስንቀርብ፣ ቄሱ ከመጽሐፋቸው ውስጥ ፈልገው እንደ ዘመድ አገኙን።

ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነገሡት የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ሲሆን፣ ከላሊበላ በፊት የነበረ ነው። ንግሥናን ከክህነት ጋር አጣምሮ የያዘ፣ ቅዳሴ የሚቀድስ ንጉሥ ነበር ይባላል፤ ኅብስቱና ወይኑም ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር ይተረካል። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በዚያው ዋሻ ውስጥ የቆመው ሁለተኛ ሕንፃ ቤተ መንግሥቱ ነበር ይላሉ ካህናቱ፤ መቃብሩም እዚያው ነው። ስለዚህ ስፍራው ንጉሡ የጸለየበትና ያረፈበት የግል መቅደስ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ዋሻ ጎብኝቶ፣ በ1540 በታተመው መጽሐፉ ጽፎለታል።

አንባቢ በመጀመሪያ ሊያስተውለው የሚገባው ነገር ሕንፃው እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የተፈለፈለ አለመሆኑ ነው። ከጣራ በላይ ሌላ የዐለት ጣራ አለው እንጂ፣ ራሱን ችሎ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ቤት ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረበ የተሠራ ነው። ድንጋዩ ነጭ ልስን ለብሷል፤ አግዳሚው እንጨት ጠቁሯል። ከሩቅ ሲታይ ጥቁርና ነጭ መስመር በመስመር ስለሚመላለስ፣ በጥለት የተሠራ ልብስ ይመስላል። እኔም የወላይታ ልጅ ነኝና የአገሬ ዱንጉዛ ትዝ አለኝ፤ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር መስመር የሚሸመነው፣ ማን እንደሆንን ከሩቅ የሚናገርልን።

ይህ የግድግዳ አሠራር አክሱማዊ ነው። በትግራይ በደብረ ዳሞ የሚታየውም የዚያው ጥበብ ዘር ነው። በላሊበላም ቤተ አማኑኤልን የፈለፈሉት ጠራቢዎች እንጨት ሳይኖር የእንጨቱን መስመር በዐለቱ ላይ መስለው ቀርጸውታል። እንግዲህ የይምርሐነ ክርስቶስ አናጢዎች አጥንቱን፣ ማለት ቤቱን የሚያቆመውን ነገር፣ የወሰዱት ከአያቶቻቸው ነው። መስኮቶቹም መስቀልን በልዩ ልዩ መልክ እያወሳሰቡ የሚያሳዩ ፍልፍል ሥራዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ተገባ። ቄሱ ጧፍ አበሩ፤ ወዳጄ የእጅ ባትሪውን አወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ አይደለም። በዐምዶችና በቅስቶች በሦስት ተከፍሏል፤ ከመቅደሱ በላይ ጉልላት አለ። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ዝም ብለን ቆምን። ቀጥሎ ጣራው ታየን።

በግራና በቀኝ ያሉት ጣራዎች በትንንሽ አራት ማዕዘን ክፍሎች የተከፋፈሉ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጌጥ አለው። በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የምናውቀው ሐረግ የሚመስል፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይታወቅ መስመር አለ፤ ኮከብ አለ፤ መስቀል አለ። ከእነዚህም ጋር አዕዋፍና አራዊት ተሥለዋል፤ እውነተኞቹም የተረቶቹም። በዘመን ጥላሸት ከመጥቆራቸው የተነሣ አንዳንዱን ለማየት ባትሪውን በጎን ማብራት ያሻል። ወዳጄ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ «ይህ እኮ ከካይሮ ነው» አለ።

የተናገረው ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች የዚህን ጣራ ጌጥ ከፋጢሚዶች ዘመን የግብፅ ጥበብ ጋር ያዛምዱታል። ፋጢሚዶች እ.ኤ.አ. ከ969 እስከ 1171 ግብፅን የገዙ የእስልምና ሥርወ መንግሥት ናቸው። በእነርሱ ዘመን በካይሮ የነበረው የእንጨት ጠራቢ ጥበብ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ንብረት አልነበረም። በአሮጌው ካይሮ ለቅድስት በርባራ ቤተ ክርስቲያን የተሠራው የመቅደስ መጋረጃ እንጨት፣ በቤተ መንግሥት ከሚታየው ጌጥ ጋር አንድ ዓይነት አዳኞችና አራዊት አሉበት። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ ታስመጣ ስለ ነበር መንገዱ ክፍት ነበር። በመንገዱም ጳጳስ ብቻ አልተጓዘም፤ ጨርቅ፣ ዕቃ፣ መጽሐፍና የእጅ ጥበብም አብረው ወጡ።

ይህን ሳስብ በሥዕል መጽሐፍ እንጂ በዓይኔ ያላየሁት ሌላ የንጉሥ ጸሎት ቤት ታወሰኝ። በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ ከሰሜን ፈረንሳይ በመጡት ኖርማኖች ወገን የሆነው ሮጀር 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1130 ንጉሥ ተብሎ ዘውድ ጫነ። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያሠራው የጸሎት ቤት የወለል አቀማመጡ የላቲን ክርስቲያኖች ነው። ግድግዳውና ጉልላቱ በግሪኮች ጥበብ በወርቃማ ሞዛይክ ተሸፍኗል፤ በጉልላቱ ያለው የግሪክኛ ጽሑፍም እ.ኤ.አ. ከ1143 ጋር የሚገጥም ዓመት ይጠቅሳል። የመካከለኛው ክፍል ጣራ ግን የእስልምናው ዓለም ሠዓሊዎችና አናጢዎች ሥራ ነው። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ ተደርቦ የተሠራ የእንጨት ጣራ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ሙዚቀኞች፣ ጨፋሪዎች፣ አራዊትና በዐረብኛ የተጻፈ ምርቃት ይታይበታል። በ1142 ንጉሡ ያሠራው የውኃ ሰዓት መታሰቢያ ድንጋይም በላቲን፣ በግሪክኛና በዐረብኛ ተጽፎበታል።

እንግዲህ በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ፣ ከአንድ የጥበብ ምንጭ የፈሰሰ ጅረት አንዱ ወደ ሜዲትራኒያን ደሴት፣ ሌላው ወደ ላስታ ዋሻ ደረሰ። በሁለቱም ስፍራ ክርስቲያን ንጉሥ ከራሱ በላይ የተዘረጋውን ጣራ በሌላው ዓለም ጥበብ አስጌጠ። ልዩነት ግን አለ። ሮጀር የገዛው ሦስቱ ሕዝቦች አብረው የሚኖሩበትን ደሴት ስለ ነበር፣ ሠሪዎቹም ጥበቡም እጁ ላይ ነበሩ። ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ተራራና በረሃ አቋርጦ የመጣውን ነው የተቀበለው። ለመቀበል ደግሞ የሚቀበል ቤት ያስፈልጋል።

የጥያቄዬ መልስ ከዚህ ላይ የተገኘ መሰለኝ። በዚያ ዋሻ ውስጥ አክሱም ግድግዳውን ተሸክሟል፤ ግብፅ ጣራውን አስጊጧል፤ የቤቱ ሥርዓት ግን፣ መቅደሱ ከየት እንደሚጀምር፣ ሕዝቡ የት እንደሚቆም፣ ታቦቱ የት እንደሚያርፍ፣ ለማንም አልተለቀቀም። እያንዳንዱ ጥበብ የሚያውቀውን ሥራ ተሰጠው። ከሩቅ የመጣው ወፍ በጣራው ላይ ቦታ አገኘ፤ ምሰሶ ሁን ግን አልተባለም። የአክሱም አግዳሚም ከእንግዳው ወፍ ጋር ለመመሳሰል ብሎ አልተጠማዘዘም። ይህን የመሰለውን ሥራ መበረዝ ከማለት ቅንብር ማለት ይሻላል።

ከመውጣታችን በፊት ቄሱን «አባታችን፣ ይህን ጣራ የሠራው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ንጉሡ ነው እንጂ፤ መላእክት እየረዱት።»

«የአናጢውስ ስም?»

«እሱን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፣ ልጄ።»

መልሳቸው አላስገረመኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ፣ በዋሻው ጥልቀት ውስጥ፣ ከሩቅ አገር መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው የሚባሉ የብዙ ሰዎች አፅም ተከማችቶ ይታያል። ከመካከላቸው ጣራ የሠራ እጅ ይኖር እንደሆነ የሚናገር የለም። በየአገሩ የንጉሡ ስም በድንጋይ ላይ ሲቀር፣ የሠሪው ስም ከጭስ ጋር ይወጣል። በእኛም አገር ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የወላይታ ነገሥታት ያሠሯቸው የድንጋይ ካቦች እስከ ዛሬ በንጉሥ አማዶ ስም ይጠራሉ፤ ድንጋዩን የካበውን ግን ስሙን የሚጠራለት የለም። ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻ፣ ብረት ቀጥቃጮቹና ቆዳ ፋቂዎቹ በሠሩት ዕቃ ሁሉም ሲጠቀም፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ተንቀው ኖረዋል። ባህላችን ተበረዘ ብለን ስንጮህ፣ ባህሉን በእጁ የያዘውን ሰው ከማዕድ አርቀን እንደ ኖርን መዘንጋት አይገባም።

ቅንብር ያልሆነው መቀላቀል ምን እንደሚያስከትል ለማወቅም የወላይታ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች መነሻ ፊደላት ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» የተባለ የጽሕፈት ቋንቋ ተዘጋጅቶ የመማሪያ መጻሕፍት ታተሙበት። አራቱ ቋንቋዎች በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው፤ ተናጋሪዎቻቸውም በገበያ ሲገናኙ ይግባባሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ በልጁ እጅ ሲገባ፣ እናቱ ሰምታ የእኔ ነው የምትለው ቋንቋ አልሆነም። የአንዱ ግሥ ከሌላው ስም ጋር ተሰፍቶ፣ የሁሉም ነው የተባለው የማንም ሳይሆን ቀረ። በ1992 ዓ.ም. በሶዶና በአካባቢው ሕዝብ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤት ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያን ጊዜ ወጣት ነበርሁ፤ ቃል የሰውን ደም ሊያስፈስስ እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ዓመት ነው። በላስታው ጣራ ላይ አንዱ ሐረግ ከሌላው ጋር ይጠላለፋል እንጂ አይቀልጥም፤ ጣትህን በአንዱ ላይ አድርገህ ብትከተለው ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ራሱ ሆኖ ታገኘዋለህ። የወጋጎዳ ጉድለት ይህን መንሣቱ ነበር።

ሌላም ዓይነት አለ፤ እርሱ ደም ስለማያፈስ ማንም አይወቅሰውም። በየበዓሉ መድረክ ላይ ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶ፣ አንዱ ጨፍሮ ሲወርድ ሌላው ልብስ ቀይሮ የሚወጣበት ትርዒት ነው። ሁሉም ይታያል፤ ማንም ማንንም አይሰማም። ይህ ዕቃ በሱቅ መደርደሪያ ላይ እንደ መደርደር ነው። አንዱ ጥበብ ለሌላው ሸክም ካልተሸከመለት፣ የአንዱ ዜማ ለሌላው እስክስታ ምክንያት ካልሆነ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ መገኘት ብቻውን አንድ ቤት አያደርግም።

ለሚዛን ስል አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። ያማረ ጣራ ለሰው ዋስትና አይሆንም። የሮጀር የልጅ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ 2ኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ1220ዎቹ ጀምሮ የሲሲሊን ሙስሊሞች ከደሴቲቱ እየነቀለ በደቡብ ኢጣልያ ወደምትገኘው ሉቼራ አጋዛቸው። በዐረብኛ የተጻፈው ምርቃት በጣራው ላይ ቀረ፤ ምርቃቱን ማንበብ የሚችሉት ሰዎች ግን ተሰደዱ። በ2015 የፓሌርሞው ቤተ ጸሎት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ያ ስደት ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ላስታንም ብንመለከት፣ እኛ ከጎበኘነው ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ጥበብን አደባልቆ ሰውን መለያየት የሚቻል ነገር ነው። ስለዚህ ከያኒም ሆነ መምህር፣ የሕዝብ ኃላፊም ሆነ ካድሬ፣ ጣራውን ሲያደንቅ ጣራውን የሠራው ሰው ዛሬ የት እንዳለ ቢጠይቅ ይገባዋል።

ወደ ሶዶ ከተመለስን በኋላ ተውኔቴ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተዘጋጀ። ክራሩን አላወጣሁም፤ ከሰሜን ለሚመጣው ነጋዴ ብቻ ሰጠሁት፤ ነጋዴው ሲገባ ይሰማል፣ ሲወጣ ዝም ይላል። ካዎው ሲገባ መለከቱ ይነፋል። ሀያያ ሌኬው ደግሞ የሕዝቡ ሆነ፤ ካዎውም ነጋዴውም በእርሱ ምት እንዲራመዱ ተደረገ። አንጋፋው መምህር በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ሲወጡ «አሁንም እከራከርሃለሁ» አሉኝ፤ «ግን ክራሩ ለምን እንዳለ ገብቶኛል።»

የሥዕል መምህሩ ወዳጄ ደግሞ ከጣራው ላይ በእርሳስ የገለበጣቸውን አሥራ አንድ ሐረጎች ወደ ክፍሉ ይዞ ገባ። ከጎናቸውም የዱንጉዛውን መስመሮች ሥሎ ለጠፈ። ተማሪዎቹ ልዩነቱንና አንድነቱን ሲነጋገሩ፣ አባቱ ሸማኔ የሆነ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ሥዕሉ ቀረበ። ዛሬ የእኛ ሸማኔ የሚጠቀምበት ክር በፋብሪካ የተነከረ ነው፤ ዱንጉዛው ግን ዱንጉዛ ሆኖ ቀጥሏል። ልጁ ሐረጉን በጣቱ እየተከተለ ጥቂት ከቆየ በኋላ «መምህር፣ ይህኛው በሸማኔ ዕቃ አይወጣም፤ መስመሩ ይጠማዘዛል። ያኛው ግን ይወጣል። አባቴን ልጠይቀው?» አለ።

መምህሩም ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅሎ ሰጠው።